የአንድ ዓመት ዕዳ ለመሸሽ የነገን ልጅ መስጠት

ይድረስ ለስፖርት ገጹ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ሰሞኑን ስለ ክለቦች ዕዳ ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ ክለብ የከበደውን ውል በምንም ዋጋ ቢሆን ማራገፍ አለበት የሚል ሐሳብ አነበብኩ። ጽሑፉን ወድጄዋለሁ። ይቺ ሐሳብ ግን አልተዋጠችልኝም። እንዴት በምንም ዋጋ? ነገሩ ሁሉ ያለው እኮ ዋጋው ላይ ነው። ሥራዬ ሒሳብ ነው፣ ውሎዬ የጅምላ መደብር መዝገብ ላይ ነው፣ ሰው ከዕዳ ተገላገልኩ ብሎ ሲደሰት የባሰ ዕዳ ውስጥ ሲገባ ብዙ አይቻለሁ።

ይህን ጉዳይ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው ደግሞ እግር ኳስ ሳይሆን የሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ነው። ሆኪን ከየት አመጣኸው እንዳትሉኝ። የእህቴ ልጅ ካናዳ፣ ካልጋሪ ነው የሚኖረው። ሐበሻ የበዛበት ከተማ ነው። ልጁ እዚያ ሲያድግ የካልጋሪ ፍሌምስ ደጋፊ ሆነ፣ ቀስ በቀስ እኔንም አስገባኝ። እኛ ደግሞ ቆልማማ ዱላ ይዞ ሩር ማሳደድ ብርቃችን አይደለም። የገና ጨዋታ እየተጫወተ ያደገ ሰው ሆኪን ለመውደድ ብዙ አይቸገርም። ካልጋሪ ማታ 1 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ በእነሱ ብርድ ወራት እዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ሌሊት የሚያውቅ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ውጭ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል። እኔ ጋቢ ተከናንቤ፣ ስልኬን የሻይ ብርጭቆ አስደግፌ፣ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱ ሰዎችን አያለሁ። ኔትወርኩ ቀጥ ሲል የእህቴ ልጅ በቴሌግራም «ጋሼ፣ ገባ!» ብሎ ይጽፍልኛል።

ወደ ነገሩ ልግባ። ሥርዓቱን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ማስረዳት አለብኝ፣ አለዚያ ቀሪው አይገባም።

የሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ፣ ኤን ኤች ኤል፣ 32 ቡድኖች አሉት። ቡድኖቹ ተጫዋች በገንዘብ አይገዛዙም። ተጫዋች በተጫዋች፣ ወይም ተጫዋች በድራፍት ምርጫ ይለዋወጣሉ። ድራፍት ማለት በየዓመቱ 18 ዓመት ግድም የሆናቸውን ልጆች ቡድኖች በተራ የሚወስዱበት ሥነ ሥርዓት ነው። ሰባት ዙር አለው። ከላይ ያሉት ተራዎች ላይ ዕጣ ቢኖርም በጥቅሉ ደካማው ቡድን ቀድሞ ይመርጣል። ቡድን ይህን ተራውን አሳልፎ መስጠት ይችላል፣ የከርሞውንና የዛሬ ሁለት ሦስት ዓመቱን ጭምር። እንግዲህ የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ሰጠ ሲባል የተሰጠው ገና ስሙ ያልታወቀ አንድ ልጅ ነው።

ሌላው የደመወዝ ጣሪያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004-05 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች በፈረንጆች ናቸው) ባለቤቶችና ተጫዋቾች መስማማት አቅቷቸው ሙሉ የውድድር ዘመን ተሰረዘ፣ ከዚያ ወዲህ ጣሪያ መጣ። በመጀመሪያው ዓመት 39 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2022-23 82.5 ሚሊዮን ሆነ፣ በ2025-26 ደግሞ 95.5 ሚሊዮን። ለረጅም ጊዜ ለተጎዳ ተጫዋች ካለው ልዩ ሁኔታ በቀር ባለቤቱ የፈለገውን ያህል ሀብታም ቢሆን ከጣሪያው ማለፍ አይችልም። ውሉ ደግሞ የጸና ነው። ተጫዋቹ ቢደክም፣ ጎል ማግባት ቢያቆም፣ የፈረመው ቁጥር እዚያው ቁጭ ብሎ ከጣሪያው ይቀነሳል። ማፍረስ ይቻላል፣ ግን ከቀሪው ደመወዝ ሁለት ሦስተኛው ይከፈላል፣ ክፍያውም በቀረው ዘመን እጥፍ ይበተናል። አራት ዓመት የቀረውን ውል ያፈረሰ ቡድን ስምንት ዓመት ይከፍላል ማለት ነው። ለወጣት ተጫዋቾች ቀለል ይላል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚከብደው ግን የወጣት ውል አይደለም።

ስለዚህ ውል የከበደው ቡድን ወይ ይታገሣል፣ ወይ ያፈርሳል፣ ወይ ሌላ ቡድን እንዲወስድለት የድራፍት ምርጫ ጨምሮ ይሰጣል። የእኔ ክርክር በዚህ በመጨረሻው ላይ ነው። ያረጀ በሬ ውሰዱልኝ ብሎ ጊደር መርቆ እንደ መስጠት ነው። በሬው በረት ውስጥ ቆሞ ገለባ ሲበላ በየቀኑ ይታያል፣ ያናድዳል። ጊደሯ ስንት እንደምትወልድ ግን ዛሬ ማንም አያውቅም፣ ለዚህም ነው ሰው ሳይሳሳ የሚሰጣት።

እኔና የእህቴ ልጅ አብዝተን የተከራከርነው በሾን ሞናሃን ጉዳይ ነው። ሞናሃንን ካልጋሪ በ2013 ድራፍት በ6ኛ ተራ ነው የወሰደው። ጎል የሚያገባ፣ ወሬ የማያበዛ ልጅ ነበር። በ2016 የሰባት ዓመት ውል ፈረመ፣ በዓመት 6.375 ሚሊዮን ዶላር። ከዚያ ዳሌው ተበላሸ። ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና አደረገ፣ የድሮው ፍጥነቱ ጠፋ፣ ጎሉም ቀነሰ።

2022 ክረምት ላይ ውሉ የቀረው አንድ ዓመት ብቻ ነበር። ያ ክረምት ደግሞ ለካልጋሪ ክፉ ነበር። ጆኒ ጎድሮ ውሉን ጨርሶ ወደ ኮሎምበስ ሄደ። ማቲው ካቸክ በቋሚነት አልፈርምም አለና ለፍሎሪዳ ተለወጠ፣ በምትኩ ከመጡት አንዱ ጆናታን ዩበርዶ ነው፣ ወዲያውም የ8 ዓመት 84 ሚሊዮን ዶላር ውል ተሰጠው። ከኮሎራዶ ጋር የሊጉን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ ያነሳው ናዜም ካድሪ ደግሞ እስከ ነሐሴ ድረስ አልፈረመም ነበር። ካልጋሪ ፈለገው። ጣሪያው ላይ ግን ቦታ አልነበረም። ስለዚህ ነሐሴ ላይ ሞናሃንን ለሞንትሪያል ካናዲየንስ ሰጠ፣ ላዩ ላይ ቅድመ ሁኔታ ያለበት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ መረቀ። በምላሹ ተጨባጭ ነገር አልተቀበለም። በዚያው ቀን ካድሪ ለ7 ዓመት በ49 ሚሊዮን ፈረመ።

የእህቴ ልጅ የዚያን ቀን በደስታ ነው የደወለልኝ። «ጋሼ፣ ካድሪን እኮ አገኘነው!» አለኝ። እኔ ደግሞ ካድሪን ትቼ ስለዚያች ምርጫ ጠየቅኩት። «እሷማ የሩቅ ነገር ናት» አለኝ። አያችሁ፣ ችግሩ እዚህ ጋ ነው። የሩቅ ነገር ስለሆነ ዋጋ የሌለው ይመስላል። አስተዳዳሪውም ደጋፊውም ዛሬ ላይ ነው ዓይናቸው። ያቺ ምርጫ የምትደርስበት ቀን ሲመጣ ፈራሚው ሥራ አስኪያጅ እዚያ ወንበር ላይ ላይኖር ይችላል። ካልጋሪም ላይ የሆነው ይኸው ነው፣ ያን ልውውጥ ያደረገው ብራድ ትሬሊቪንግ በ2023 ለቆ ወደ ቶሮንቶ ሄዷል።

ሞንትሪያል ግን አልቸኮለም። በዚያን ጊዜ ቡድኑን ከሥር እየገነባ ስለነበር የአንድ ዓመት ደመወዝ መሸከም አላስጨነቀውም። ሞናሃን ጥሩ ጀመረ፣ 25 ጨዋታ አድርጎ ተጎዳ። ውሉ አለቀ። ሞንትሪያል ሸኘው? አልሸኘውም። በ1.985 ሚሊዮን ለአንድ ዓመት መልሶ አስፈረመው። በርካሽ ማለት ነው። ሰውየው ጤና ሲያገኝ እንደ ድሮው መጫወት ጀመረ። የካቲት 2024 መግቢያ ላይ ዊኒፔግ ፈለገውና የ2024 የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን፣ ከዚያ ላይ ቅድመ ሁኔታ ያለበት የ2027 ሦስተኛ ዙር ጨምሮ ሰጥቶ ወሰደው። ሞንትሪያል የዊኒፔግን ምርጫ ከሌሎች ጋር አድርጎ ወደ ላይ ተሻገረና በ21ኛ ተራ ማይክል ሄጅ የሚባለውን ልጅ መረጠ።

ያቺ ካልጋሪ የመረቃትስ? እሷ በ2025 ደረሰች። በዚያ ዓመት ካልጋሪ 96 ነጥብ ይዞ ከሴንት ሉዊስ ጋር እኩል ጨረሰ፣ በመለያ መስፈርት ተበልጦ ከፕሌይኦፉ፣ ማለትም ከዋንጫው ጥሎ ማለፍ፣ ውጭ ሆነ። ፕሌይኦፍ ካልገቡት ውስጥ የተሻለው ስለነበር ምርጫው 16ኛ ላይ አረፈ፣ 16ኛዋም ለሞንትሪያል ሄደች። ሞንትሪያል እሷን ከራሱ 17ኛ ተራና ኤሚል ሄይንማን ከሚባል ተጫዋች ጋር አድርጎ ለኒው ዮርክ አይላንደርስ ሰጠና ኖአ ዶብሰንን አመጣ። ዶብሰን ገና 25 ዓመቱ፣ ቀኝ እጅ ተከላካይ፣ እንዲህ ያለ ተጫዋች በገበያ እንደ ልብ የማይገኝ ነው። ለ8 ዓመት በ76 ሚሊዮን ተፈረመለት።

ቆም ብላችሁ ደምሩት። ሞንትሪያል ማንም የማይፈልገውን አንድ ውል ተቀበለ። ከዚያ ከአንዱ ውል ሁለት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ አወጣ፣ አንዷ ልጅ ሆነች፣ ሌላዋ የታላቅ ተከላካይ ዋጋ ግማሽ ሆነች። የከፈለው የአንድ ዓመት ትዕግሥትና ከጣሪያው ላይ ባዶ የነበረ ቦታ ነው።

ለካልጋሪ ፍርዱ እንዳይጎድል ይህንንም ልበል። ካድሪ አላሳፈራቸውም። በ2023-24 ጎልና አሲስት ተደምሮ 75 አደረገ፣ በ2024-25 35 ጎል አገባ፣ በሕይወቱ ከዚያ በላይ አግብቶ አያውቅም። የእህቴ ልጅ በዚህ በኩል እውነት አለው። ግን ቡድኑ ከዚያ ልውውጥ በኋላ በነበሩት ሦስት የውድድር ዘመናት አንዴም ፕሌይኦፍ አልገባም። በመጀመሪያው ዓመት በሁለት ነጥብ፣ በሦስተኛው እንዳልኩት በእኩል ነጥብ ቀረ። ዩበርዶ ፍሎሪዳ እያለ በአንድ የውድድር ዘመን በጎልና በአሲስት 115 ያደረገ ሰው ካልጋሪ በመጣ ዓመት 55 ላይ ቆመ፣ ውሉ ደግሞ እስከ 2031 ነው። አንዱን ከባድ ውል ለማራገፍ የነገን ምርጫ ሰጥተው ሲጨርሱ ከሱ የሚከብድ ውል በራሳቸው እጅ ፈርመው ነበር። በእኔ ግምት ሁለተኛ ዙር ቢመርቁ ዋጋው ያስኬድ ነበር። የመጀመሪያ ዙር፣ ለዚያውም የድራፍቱ አናት ላይ ካልዋለ በቀር የማይቀር ሆኖ፣ ለአንድ ዓመት ውል ብዙ ነው።

ከዚህ የባሰ ግን አለ። ቫንኩቨር።

ቫንኩቨር ካናክስ በ2021 ክረምት ሦስት የከበዱ ውሎች ነበሩት። ሉዊ ኤሪክሰን 6 ሚሊዮን፣ ጄይ ቢግል 3 ሚሊዮን፣ አንትዋን ሩሰል 3 ሚሊዮን። ድምሩ 12 ሚሊዮን ዶላር፣ ሦስቱም የሚገባቸውን ያህል የማይጫወቱ። ያበሳጫል፣ አልክድም። ግን የሦስቱም ውል የሚያልቀው በቀጣዩ ክረምት ነበር። አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ጥርስ ነክሶ ማለፍ ነው የቀረው። ቡድኑ አልቻለም። ሦስቱን ለአሪዞና ሰጠ፣ በዚያ ድራፍት የነበረውን 9ኛ ተራ ሰጠ፣ የ2022 ሁለተኛ ዙር ሰጠ፣ የ2023 ሰባተኛ ዙር ሰጠ። በምትኩ ኮነር ጋርላንድንና ኦሊቨር ኤክማን-ላርሰንን ተቀበለ። ጋርላንድ ጥሩ ተጫዋች ነው፣ ዋጋውን ከፍሏል። ኤክማን-ላርሰን ግን በዓመት 8.25 ሚሊዮን የሚያስቆጥር፣ ገና 6 ዓመት የቀረው ውል ይዞ ነው የመጣው፣ አሪዞና ከዚያ ላይ የተሸከመው 12 በመቶ ብቻ ነው።

ሒሳቡን እዩት እስቲ። አንድ ዓመት የቀረው 12 ሚሊዮን ተሰጠ፣ ስድስት ዓመት የቀረው ከ7 ሚሊዮን በላይ ተገዛ፣ ላዩ ላይ 9ኛ ተራ ተመረቀ። እንዲህ ያለ ነገር መዝገቤ ላይ ባገኝ ቁጥሩን ደግሜ ደጋግሜ ነው የማየው።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ኤክማን-ላርሰን ከበዳቸው። ሰኔ 2023 ውሉን አፈረሱ። አራት ዓመት ቀርቶት ስለነበር ክፍያው ስምንት ዓመት ተከተላቸው፣ እስከ 2030-31 ድረስ። በ2025-26 ከጣሪያቸው ላይ 4.77 ሚሊዮን ዶላር ለሌለ ሰው ይቀነሳል፣ በቀጣዩም ዓመት እንደዚያው። እሱ ራሱ ወደ ፍሎሪዳ ሄዶ በ2024 ስታንሊ ካፕ አነሳ፣ ደስ ይበለው። አሪዞናስ በ9ኛ ተራ ማንን መረጠ? ዲላን ጉንተርን። ቡድኑ በ2024 ወደ ዩታ ሲዛወር በአዲሱ ስም የመጀመሪያዋን ጎል ያገባው እሱ ነው። ያን ጨዋታ በስልኬ ሳየው ልጁ ሲመታ ሳይሆን ጎሉ ከገባ በኋላ ዱላውን አንስቶ እየሳቀ ወደ ጓደኞቹ ሲንሸራተት ነው ልቤን የነካኝ። የቫንኩቨር ልጅ መሆን ይችል ነበር። ዛሬ በዩታ የ8 ዓመት ውል አለው፣ ከ57 ሚሊዮን በላይ።

ቶሮንቶም ከዚህ ጽዋ ቀምሷል። ፓትሪክ ማርሎን በ37 ዓመቱ ለሦስት ዓመት በዓመት 6.25 ሚሊዮን አስፈረመው። የመጨረሻዋ ዓመት ስትደርስ ለወጣቶቹ የሚሆን ቦታ ጠፋ። በሰኔ 2019 ማርሎን ለካሮላይና ሰጠ፣ ከሱ ጋር የ2020 የመጀመሪያ ዙር ምርጫ። ካሮላይና ማርሎን አንድ ጨዋታ ሳያጫውት ውሉን አፈረሰ። በጥሬ ገንዘብ የወጣበት ወደ 3.8 ሚሊዮን ዶላር ነው፣ ማለትም የመጀመሪያ ዙር ምርጫ በጥሬ ገንዘብ የገዛ ያህል ነው። በዚያች ምርጫ በ13ኛ ተራ ሴት ጃርቪስን ወሰደ። ጃርቪስ በ2023-24 33 ጎል አገባ፣ የ8 ዓመት 63.2 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። እዚህም የቀረችው አንድ ዓመት ነበረች። ሁሌ አንድ ዓመት።

ታዲያ እንዲህ ያለ ልውውጥ ሁልጊዜ ስሕተት ነው እያልኩ አይደለም። ዲትሮይት በ2016 ፓቬል ዳትስዩክ ወደ ሩሲያ ሲመለስ 7.5 ሚሊዮን ጣሪያው ላይ ቀረበት። ምን አደረገ? 16ኛ ተራውን ከውሉ ጋር ለአሪዞና ሰጥቶ 20ኛ እና 53ኛ ተራ ተቀበለ። አራት ደረጃ ብቻ ነው የወረደው። በ53ኛው ፊሊፕ ህሮኔክን አገኘ፣ ግሩም ተከላካይ የወጣው ልጅ ነው። ይህ ዋጋ ነው፣ ይህ ያዋጣል። ግን እዚያም ቢሆን ታሪኩ አላለቀም። ቦታው የተለቀቀው ስቲቨን ስታምኮስን ለማስፈረም ታስቦ ነበር ተባለ፣ ስታምኮስ ከታምፓ ጋር ቆየ፣ ዲትሮይት ዞሮ ለፍራንስ ኒልሰን የ6 ዓመት 31.5 ሚሊዮን ውል ሰጠ። በ2021 ያን ውል አፈረሰው። ቦታ ማስለቀቁ አንድ ነገር ነው፣ የተለቀቀውን ቦታ በምን እንደምትሞላው ሳታውቅ ማስለቀቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ እኔ እንዲህ ያለ ዜና ሳነብ መጀመሪያ የማየው ውሉ ስንት ዓመት እንደቀረው ነው። አንድ ዓመት ከሆነ መታገሥ ነው፣ አለቀ። አራት አምስት ዓመት ከሆነ ነገሩ ይለያል፣ ያኔ ምርጫ መክፈል ያስኬድ ይሆናል። ቀጥሎ የተለቀቀው ቦታ ለማን እንደሆነ እጠይቃለሁ። በእጅ ያለ ወጣት ኮከብ ውሉን ሊያድስ ከሆነ ይገባኛል፣ ገና ስሙ ያልታወቀ የገበያ ሰው ፍለጋ ከሆነ አይገባኝም። ከዚያ የመርቁን መጠን አያለሁ፣ ሁለተኛ ዙር ነው ወይስ የመጀመሪያ፣ ቡድኑ ክፉኛ ቢወድቅ ምርጫዋን የሚያስቀርለት ቅድመ ሁኔታ አለ ወይ። እርግጥ ነው የመጀመሪያ ዙር ልጅ ሁሉ ጉንተር አይሆንም። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ግን ይህ ምርጫን ሳስቶ ለመያዝ እንጂ ለመበተን ምክንያት አይሆንም፣ ከጥቂቶቹ ውስጥ ማን እንደሚወጣ የማይታወቅ ከሆነ ብዙ ይዞ መቆየት ነው የሚሻለው።

አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ቅር ይለኛል። ከባድ ውል፣ ሸክም፣ ዕዳ እያልን የምንጠራው ሰው ነው። ሞናሃን ዳሌው የተበላሸው ለካልጋሪ ሲጫወት ነው። ብራያን ቢከልን ቺካጎ በ2016 ውሉ ከብዶት ለካሮላይና ሲሰጠው፣ ካሮላይና እንዲወስደው ቴዎቮ ቴራቫይነንን የመሰለ ወጣት መርቆለታል። ቢከል 2013 ላይ ቺካጎ ዋንጫ ባነሳበት ጨዋታ ከአንድ ደቂቃ ብዙም ያልበለጠ ጊዜ ሲቀር አቻ ያደረገውን ጎል ያገባ ሰው ነው። ካሮላይና በደረሰ በወራት ውስጥ መልቲፕል ስክለሮሲስ እንዳለበት ታወቀ። ለካስ ያ ሁሉ መድከሙ ስንፍና አልነበረም። በሚያዝያ 2017 በመጨረሻ ጨዋታው ፊላደልፊያ ላይ በመለያ ምት ወጣና አገባ፣ ጓደኞቹ በሙሉ ከበቡት። ሞናሃንም ቢሆን ከዊኒፔግ ኮሎምበስ የሄደው ከጓደኛው ከጎድሮ ጋር ዳግም ለመጫወት ነበር፣ ጎድሮ ግን ነሐሴ 2024 ከወንድሙ ጋር በብስክሌት ሲሄድ መኪና ገጭቶት ሞተ። ሞናሃን ያንን ኀዘን ይዞ ተጫወተ፣ በ2025 በጽናታቸው ለሚመሰገኑ ተጫዋቾች የሚሰጠውን የማስተርተን ሽልማት ወሰደ። ማንም አይፈልገውም የተባለው ሰው ማለት ነው። የሰው ቁጥሩ ወርዷል ብሎ ለመገላገል ከመቸኮል በፊት ለምን እንደወረደ መጠየቅ ለክለቡም ይጠቅማል፣ ሞንትሪያል ያተረፈው ይህን በመጠየቁ ይመስለኛል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ፣ የጻፍኩትም ለዚህ ነው።

እኛ ጋ ድራፍት የለም። የነገ ልጅ ግን አለ። የእኛ የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ከ17 እና ከ20 ዓመት በታች ቡድኑ ነው። ክለብ በከተማ በጀት ይቋቋማል፣ ወደ ላይ ለመውጣት ይቸኩላል፣ ስም ያለው ተጫዋች በትልቅ ደመወዝ ያስፈርማል። ግማሽ ዓመት ሳይሄድ በጀቱ ያልቃል። ደመወዝ ይዘገያል፣ ተጫዋች ልምምድ ያቆማል፣ ክስ ይመጣል። ያኔ ምን ይቆረጣል? እኔ በቅርብ ባየሁት አንድ ክለብ የተቆረጠው የታዳጊዎቹ ትራንስፖርት፣ የታዳጊዎቹ ጫማና የአሰልጣኛቸው አበል ነው። የትልቁን ውል መንካት ያስቸግራል፣ የልጆቹን መቁረጥ ግን ማንም አይጮህበትም። ልክ እንደዚያች የሩቅ ምርጫ።

ቅዳሜ ጠዋት ጠባሴ አካባቢ ብትመጡ ልጆቹን ታዩአቸዋላችሁ። ከመንዝ፣ ከሞላሌ፣ ከእነዋሪ፣ ከደነባ ለትምህርት ደብረ ብርሃን የመጡና ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው። አንዱን በተለይ አውቀዋለሁ፣ ከመሐል ሜዳ የመጣ ግራ እግር ነው። በፕላስቲክ ጫማ ይጫወታል፣ ጫማው ሲወልቅ በግራ እጁ አንስቶ ይዞ ሩጫውን ይቀጥላል፣ ኳሷን ሳይለቅ። ከዚህ ከፍታ ላይ ሲሮጥ ያደገ ልጅ ሳንባው ምን እንደሆነ መናገር አይኖርብኝም። ይህ ልጅ ነው እንግዲህ ለአንድ አጥቂ የአንድ ዓመት ውል ሲባል የሚመረቀው። ስሙን የሚያስፈርም ክለብ የለም፣ ስሙን የሚመዘግብ መዝገብም የለም፣ ስለዚህ ሲጠፋ እንኳ እንደጠፋ አይታወቅም። የኤን ኤች ኤሎቹ ቢያንስ የሰጡትን ምርጫ ዓመቱንና ዙሩን ጽፈው ነው የሚሰጡት፣ ከሦስት ዓመት በኋላ እኔ ደብረ ብርሃን ቁጭ ብዬ ማን ሆኖ እንደወጣ መቁጠር እችላለሁ።

የደመወዝ ጣሪያ እኛም ሀገር ሲወራና ሲሞከር ቆይቷል። ጥሩ ነው። ግን ጣሪያ ብቻውን አይበቃም። ጣሪያ ያለበት ሊግ ውስጥ ቫንኩቨር የሠራውን አይተናል። ክለቡ ከበጀቱ ላይ የታዳጊውን ድርሻ ለይቶ ካላስቀመጠ፣ ያንንም ለትልቁ ቡድን ደመወዝ እንዳይነካ ካልተከለከለ፣ ጣሪያው የሚያስቀረው ትንሽ ነው።

ከእናንተ የምፈልገው ይህን ነው። ተጫዋች ፈረመ ብላችሁ ስትጽፉ ለስንት ዓመት እንደፈረመ ጻፉልን። ክለቡ ማስታወቅ ካልፈለገ ማስታወቅ አልፈለገም ብላችሁ ጻፉ። ክለብ ውል አፈረሰ ስትሉ ውሉ ስንት ጊዜ ቀርቶት እንደነበርና ክለቡ ምን ያህል እንደሚከፍል ጠይቁልን። ታዳጊ ቡድን ሲበተን ደግሞ ለእሱም ቦታ ስጡት፣ አንድ አንቀጽ ትበቃለች፣ የት ክለብ፣ ስንት ልጅ፣ መቼ። የዝውውር መስኮቱ ሲከፈት ብትጀምሩት ደስ ይለኛል፣ ከሰሜን ሸዋ በኩል ያለውን መረጃ ለማሰባሰብ የምረዳችሁ ነገር ካለ ዝግጁ ነኝ።

አክባሪያችሁ
አንባቢያችሁ ከደብረ ብርሃን